ብሩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ

ባለፈው ጥር ወላይታ ሶዶ ሄጄ ገበያው ዳር ካለ ሱቅ ውኃ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቁ ረጅሙን ቢጫ የልብስ ሳሙና በክር እየቆረጠ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ የመጣሁበትን ረሳሁት። ሌላ ሰው ሳሙና ሲሸተው ልብስ ይታወሰው ይሆናል፤ እኔን የሚታወሰኝ ገንዘብ ነው። ያውም አንድ ሎሚ እንኳ የማይገዛ ገንዘብ፣ የጋሽ መኩሪያ ገንዘብ። ባለሱቁ «እህቴ፣ ምን ልስጥሽ?» ብሎ ደጋግሞ ሲጠይቀኝ «ሳሙና» አልኩት። እስካሁን አልታጠብኩበትም። ሻንጣዬ ውስጥ ልብሶቼ ሁሉ ሳሙና ሳሙና እስኪሸቱ ተቀምጧል።

ያ ክረምት አራተኛ ክፍል ልገባ የምጠብቅበት ክረምት ነው። ጭጋጉ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ግቢያችን ድረስ ይገባል፤ ጓሮ ያለው እንሰት ቅጠሉ በዝናብ ተተልትሎ ይውላል። ወንድሜ ገና መወለዱ ነበር። አባቴ ሹፌር ስለሆነ ቤት ከሚገኝበት ቀን የማይገኝበት ይበዛል። በእሱ ፈንታ ቤቱን የያዙት አክስቱ እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ እናቴን ሊያርሱ መጥተው ገንፎውንም፣ በሩንም፣ የእኔንም እግር ተቆጣጠሩት። አራስ ቤት ለሴት ልጅ ሥራ አይጠፋም። ከተሰጡኝ ሥራዎች ሁሉ ግን አንዱ ሥራ አይመስለኝም ነበር፦ ከሰዓት በኋላ ለጋሽ መኩሪያ ወተት ማድረስ።

ጋሽ መኩሪያ ከእኛ ግቢ ጥቂት አለፍ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። አያታቸው ከሸዋ የመጡ ሹም ነበሩ ይባላል፤ እሳቸው ግን እዚያው ሶዶ ተወልደው ወላይትኛውን ከእናቴ እኩል ያቀላጥፉታል። ዕድሜ ልካቸውን ያረጀ ሳንቲም ሲሰበስቡ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው ቁጭ ብለው ሊያዩት ሲሉ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ስለዚህ ወተቱን ይዤ ስመጣ ከደጅ ጀምረው «ዓይኔ መጣች!» ይሉኛል። የብስኩት ቆርቆሮውን ከፍተው፣ ከጥጡ ውስጥ አንድ አንድ እያወጡ እጄ ላይ ያስቀምጡልኛል። እኔ ያየሁትን እናገራለሁ፣ እሳቸው ያዩትን ያስታውሳሉ።

አንድ ቀን ቆርቆሮው ውስጥ አንድ ትልቅ የጠቆረ ብር አገኘሁና ላስደስታቸው ብዬ «ጋሽዬ፣ ይሄን በአመድና በሎሚ ፈትጌ ላብራልዎት?» አልኳቸው። እናቴ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቤት ሲጸዳ ነሐሱንም ብሩንም እንደዚያ ነው የምታደርገው። እሳቸው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«እጅሽን! እጅሽን ሰብስቢ! ያረጀ ገንዘብ ፊቱን አይታጠብም! ፊቱን ካጠብሽው ዕድሜውን አጠብሽው ማለት ነው፤ ገባሽ?»

አልገባኝም፤ ግን እጄን ሰበሰብኩ። ብሩ ጠገራ ብር ነበር። አንዲት ደረተ ሙሉ ሴትዮ በጎን ተቀርጻበታለች፤ ከራሷ በስተኋላ ነጠላ የመሰለ ነገር ወርዷል፣ ትከሻዋ ላይ ዙሪያውን በጥቃቅን ዶቃ የተከበበ ጌጥ አለ። ማርያ ቴሬዛ እንደምትባል ሲነግሩኝ፣ እኔ የያዝኩት «ማርያ» የሚለውን ብቻ ስለሆነ አማተብኩና ብሩን ሳምኩት። ጋሽ መኩሪያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«የፈረንጅ ንግሥት ናት እንጂ ቅድስት አይደለችም ልጄ! በይ ዓመቱን አንብቢልኝ።»

«1780 ይላል።»

«በእነሱ አቆጣጠር ነው። ይቺ ግን ምናልባት ከእኔም ታንሳለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው አሉኝ። ንግሥቲቱ ሞተች፣ ብሯ ግን አልሞተም። የእኛም አገር ነጋዴ፣ ባሕር ማዶ ያለውም፣ ሌላ ፊት ያለበት ብር ሲሰጠው ዓይኑን እያሻሸ ይመልሳል፤ የትከሻዋን ዶቃ ሳይመረምር አይቀበልም። ስለዚህ በየአገሩ እሷኑ፣ ያንኑ ዓመት ሳይነኩ፣ እንደገና እንደገና በአዲስ ብር ላይ መቷት። ይሄን ስሰማ ተናደድኩ።

«ታዲያ ውሸት ነዋ!»

«ወሬኛ! ውሸትና ድጋሚ አንድ ነው ያለሽ ማን ነው? ሂጂ ሳሙና አምጪ።»

ያ የሳሙና ከሰዓት እስከዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ቢጫውን ሳሙና በክር ቆራርጠው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። የራሳቸውን ውድ ገንዘብ ለሳሙና ስለማይሰጡ ከኔ ኪስ አሥር ሳንቲም ተበደሩ፤ በአንድ ፊቷ አንበሳ፣ በሌላው አጋዘን ያለባትን። መጀመሪያ በክብሪት እንጨት ሳሙናው ላይ አንበሳ ሣሉ። አፍንጫው ተጣሞ ፍየል መሰለ። «ይሄ ሐሰተኛ ነው» አሉ። ቀጥለው ሳንቲሟን በመዳፋቸው አንዱ ሳሙና ላይ ተጫኗት፤ አነሷትና ሌላው ላይ፣ ከዚያም ሌላው ላይ። «ማኅተሙ ያው፣ ሳሙናው አዲስ። ይሄ ዳግም ምት ይባላል። ዘግይቶ ተወለደ እንጂ ዲቃላ አይደለም። በይ አሁን ሳንቲምሽ ላይ ያለውን ዓመት አንብቢ።»

«፲፱፻፷፱።»

«አየሽ? እሷም በዚያ ዓመት ብቻ የተመታች እንዳይመስልሽ። ዓመቷን ሳይቀይሩ ስንት ጊዜ ደጋግመው መትተዋታል።»

በኪሴ ይዤው የምዞረው ሳንቲም ዕድሜውን እንደሚደብቅ ሳውቅ አገላብጬ አየሁት። ከዚያ በጃንሆይ ጊዜ የነበረችውን ቀይ ሃያ አምስት ሳንቲም አወጡ፤ ጠርዟ እንደ ዳንቴል የተከረከመ ነው። ክብ ሆና ወጥታ ነበር አሉኝ፤ አታላዮች ነጭ እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ቦታ ሲሰጧት፣ መንግሥት ሰብስቦ ጠርዟን ከርክሞ መልሶ ገበያ አወጣት። «ይቺ ዳግም አልተመታችም፤ ዳግም ወጣች እንጂ። ልዩነቱን ያዢ።» ስሞቹ የራሳቸው አማርኛ መሆናቸውን፣ ፈረንጆቹ ለየአንዳንዱ ስም እንዳላቸውም ነገሩኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም አላስፈለገኝም።

መጨረሻ ላይ አንበሳ የታተመበትን አንዱን ሳሙና አንስተው፣ ሳንቲሟን ገልብጠው አጋዘኑን በላዩ ተጫኑት። «አሁን ምን ታያለሽ?»

«አጋዘን።»

«ደህና አድርገሽ እዪ እንጂ! ጠርዝ ጠርዙን!»

ጎንበስ አልኩ። ከአጋዘኑ ቀንድ ጀርባ የአንበሳው ጎፈር ቀርቷል። አልሄደም። ከአዲሱ ሥር ሆኖ ያየኛል። «ይሄ ምት በምት ላይ ነው» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሰው። «የሌላውን ገንዘብ ወስደው የራሳቸውን ማኅተም ሲመቱበት፣ የፊተኛው ሁልጊዜ ተጠራርጎ አይጠፋም። የሳንቲም መጽሐፌ እንደሚለው ነው፤ እኔ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ስመኘው ኖሬ ይኸው ዓይኔ ቀደመኝ።»

ከሳሙናዎቹ አንዱን ሲደርቅ ሳንቲም ይሆናል ብዬ ኪሴ ደብቄው ሄድኩ። ቤት ሳልደርስ ዝናብ መታኝና ቀሚሴ አረፋ ደፈቀ። እትዬ ዘነቡ ልጅቷ ታመመች ብለው ጮኹ።

እየታጠብኩ ግን የማስበው አንበሳውን አልነበረም፤ አዬን ነበር።

አዬ የእናቴ እናት ናት። «አዬ» በወላይትኛ እናት ማለት ነው፤ እናቴ ስትጠራት ሰምቼ እኔም አዬ እላታለሁ። አያቴ ብትሆንም ማንም አላረመኝም። ተበላ ከሚባለው አገሯ መጥታ እኛ ጋ ስትኖር አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር በጥቁር ክር የታሰረ ትልቅ ብር ነበራት። ጠገራ አይደለም፤ በሁለቱም ፊት ዓረብኛ ጽሑፍ ብቻ ነው ያለበት። አባቷ ሶዶ ሱቅ ለነበረው የየመን ሰው ጥጥ ሸጦ ያገኘውና ስትዳር አንገቷ ላይ ያሰረላት ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ ብሩን ከደረቷ ታወጣና አፏን ከፍታ «ሃ» ብላ ትተነፍስበታለች። ከዚያ «ሳሮ» ትላለች፤ ሰላም ነሽ ወይ እንደማለት ነው።

«አዬ፣ ማንን ነው ሳሮ የምትይው?»

«ሴትዮዋን ነዋ። ውስጡ አለች። ትንሽ ስተነፍስላት ትመጣለች።»

እኔ አመንኳት። ስለታፈነች ነው የምትተነፍስላት ብዬ አንዳንዴ እኔም እተነፍስላት ነበር። ትልልቆቹ ግን መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተጠቋቆሙ፣ በኋላ ፈሩ። ያኔም ከቤታችን የማይጠፉት እትዬ ዘነቡ «ይሄ የደህና አይደለም» ብለው ጠበል ወሰዷት። ተጠምቃ በመጣች ማግስት ጠዋት «ሃ» አለችና «ሳሮ» አለች። እናቴን ከሁሉ የባሰ ያቃጠላት የሰው ዓይን ነው። ከገጠር መጥታ የባሏ ዘመዶች መሀል ስትኖር አማርኛዋ እየተኮላተፈ፣ «እሱ» የሚባለውን «እሷ» ስትል እየተሳቀባት፣ አሁን ደግሞ እናቷ ከብር ጋር ታወራለች ሊባል ነው። «ዝም በይ አዬ! ሰው ይሰማሻል!» ትላታለች። አዬ ከዚያ ወዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተንፈስ ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ከፋሲካ በፊት እንዲሁ ዝም እንዳለች ሞተች። ብሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ገባ።

እንግዲህ ወንድሜ ሲወለድ እትዬ ዘነቡ ሐሳብ አመጡ። ልጁ ክርስትና ሲነሳ የሚያጠልቀው መስቀል ከዚያ ብር ይሠራ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ «ያስጨነቀን ነገር ቀልጦ መስቀል ይሁንና እሷም ትረፍ፣ እኛም እንረፍ» ነው ያሉት። እናቴ ብዙ አላሰበችም። «ይቅለጥ» አለች፣ ጡት እያጠባች፣ ቀና ሳትል። ያን ቃል ስሰማ አዬ ዳግመኛ የምትሞት መሰለኝ።

አንጥረኛው የሚመጣበት ቀን ወተቱን ይዤ ጋሽ መኩሪያ ጋ ስሄድ አላስቻለኝም።

«ጋሽዬ፣ ዓረብኛ የተጻፈበት ብር ውስጥስ ሴትዮ ትኖራለች?»

የወተቱን ብርጭቆ ከአፋቸው መለሱት። «ምን አልሽ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እስትንፋሱን፣ ሳሮውን፣ ጠበሉን። እያዳመጡኝ እጃቸው ጠረጴዛውን ይዳብስ ነበር። «ከባሕሩ ማዶ፣ የመን፣ ኢማሙ ጠገራውን ሰብስቦ የራሱን ጽሑፍ መትቶበታል» አሉ። «መጽሐፉ ላይ አለ… ምት በምት ላይ… የት ነው ያለው አሁን?»

«ሊቀልጥ ነው። ዛሬ።»

ጋሽ መኩሪያ ዝናብ ሲጥል ከቤት አይወጡም ነበር። ያን ቀን ጫማቸውን እንኳ በትክክል ሳያስሩ፣ በአንድ እጃቸው ጠገራውን፣ በሌላው የእኔን ትከሻ ይዘው ጭቃውን ተያያዝነው።

ስንደርስ አንጥረኛው በረንዳ ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ቆሟል። ብሩ ኪሱ ገብቷል። ጋሽ መኩሪያ ከሩቅ «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው» ሲሉት «ኧረ እንዳሻዎት አባቴ፣ እኔ ምን ቸገረኝ» ብሎ አውጥቶ ሰጣቸው። ወደ ውስጥ ገብተው እናቴን «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ አማረች ልጄ» አሉ፤ ጨዋ ሰው እሳት እየነደደም ቢሆን ሰላምታውን አያስቀርም። ከዚያ ብሩን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። ራቅ አደረጉት። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጫጫል።

«አልታየኝም» አሉ ቀስ ብለው።

ፍርሃት ያዘኝ። እሳቸው ካላዩ ማን ሊያይ ነው? እትዬ ዘነቡ የገንፎውን ማማሰያ እንደያዙ «ጋሽ መኩሪያ፣ እንግዲህ ነገሩን ባንቀሰቅሰው ይሻላል። ሟችን ማስወቀስ ነው» አሉ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ዘነቡ። ዓይኔ እዚህ ቆማለች።» ብሩን ለእኔ ሰጡኝ፤ ጠገራውንም በሌላው እጄ። «ወደ መስኮቱ ሂጂ። ብርሃኑ ከላይ ሳይሆን ከጎን ይግባበት። መሀሉን ተዪው፤ ጠርዝ ጠርዙን።»

ብሩን ጋደም አደረግኩት። መጀመሪያ ያየሁት ጽሑፍ ብቻ ነው፣ እየተጠማዘዘ የሚሄድ። ቀስ ብዬ አዞርኩት። አንዱ ፊደል ጭራው ሲያልቅ፣ ከሥሩ ጥቃቅን ነጠብጣብ ተደርድሯል፤ የፊደሉ አይደለም፤ የተከበበ ነገር ነው። ጠገራውን አየሁ። የትከሻዋ ዶቃ! ከዚያ በላይ ስሄድ የነጠላዋ እጥፋት፤ ከዚያ የማጅራቷ ጎበጥ ያለ መስመር፣ በጽሑፉ መሀል እየጠፋ እየተገኘ። የማላውቃት ሴት ከማላውቀው አገር መጥታ በእኛ መስኮት ብርሃን ታየኝ ነበር፣ አዬ ግን ታውቃት ነበር።

«ጋሽዬ፣ አለች!»

እናቴ ሕፃኑን ለእትዬ ዘነቡ ሰጥታ መጣች። አየች፣ አዞረች፣ ዓይኗን አጠበበች። «ጽሑፍ ነው» አለች። እትዬ ዘነቡም አዩ፣ አንጥረኛውም ገብቶ አየ። ጽሑፍ ነው። «ልጅ እኮ የተመኘውን ያያል» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ሊያጽናኑኝ ብለው። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ጋሽ መኩሪያ የበሩን መቃን ተደግፈው ከንፈራቸውን ነከሱ።

እናቴ ግን ብሩን አልመለሰችም። መስኮቱ ጋ ቆማ በእጇ ይዛው ቆየች። ከዚያ፣ አስባበት አይመስለኝም፣ እጇ በራሱ ወደ አፏ ወጣና ልክ እንደ እናቷ «ሃ» ብላ ተነፈሰችበት።

ብሩ ደበዘዘ። ያ ዓይን የሚያጭበረብረው ብልጭታው ጠፋ። ጽሑፉ ወደ ኋላ ያፈገፈገ መሰለ፣ ከጉሙ ሥር ትከሻው፣ ዶቃው፣ የነጠላው እጥፋት፣ የጉንጯ ክብ ተነሣ። ለአንዲት እስትንፋስ ያህል ሴትዮዋ ሙሉ ሆና መጣች። ከዚያ ጉሙ ከዳር ወደ መሀል እየደረቀ ይዟት ሄደ።

እናቴ አልጮኸችም። ግድግዳውን በጀርባዋ ተደገፈች።

«አለች» አለች። «ውስጡ አለች። ስትተነፍስላት ትመጣለች… እንዲህ ነበር የምትለው። እኔ ዝም በይ እላት ነበር።»

እትዬ ዘነቡ ሕፃኑን እንዳቀፉ ተጠግተው «እስቲ ለእኔም» አሉ፤ ተነፈሱ፣ አዩ፣ «ወይኔ ዘነቡ! ጠበል ድረስ ጎትቼ የወሰድኳት እኔ!» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አንጥረኛው ባርኔጣውን አውልቆ ነበር፤ መቼ እንዳወለቀው አላየሁም። ጋሽ መኩሪያም ተንፍሰው አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእሳቸው ጉሙም ብሩም አንድ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ነገር መዳፋቸው ላይ ነበር፣ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ንገሪኝ» አሉ። «ምኗም ሳይቀር ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ከማጅራቷ ጀምሬ እስከ ትከሻዋ፣ የትኛው ፊደል የትኛውን ዶቃ እንደሸፈነ፣ ነጠላዋ የት እንደተቆረጠ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ «ሎኦ» አሉ በወላይትኛ፤ መልካም ነው ማለት ነው። አስተማሪ ነበሩና ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጨመሩም።

ወንድሜ ክርስትና የተነሣው በባዶ ማተብ ነው፤ አንጥረኛው ያን ቀን ባዶ ኪሱን ሄደ።

እሱ ከበረንዳው ሲወርድ ዝናቡ አባርቶ፣ ጎረቤቶቻችን ለጊፋታ ግድግዳ ሊለቀልቁ በየደጃቸው ጭቃ እያቦኩ ነበር። እናቴ ጥቁሩን ክር አንገቷ ላይ አሰረችና በሩ ላይ ቆመች፣ አዬ ጠዋት ጠዋት ትቆም የነበረበት። ብሩ ላይ ተነፈሰች። ሲደርቅባት ደግማ ተነፈሰች።

«ሳሮ አዬ!» አለች፤ ጮክ ብላ፣ ሰው እንዲሰማት።